ሴቲንጉ ያለው ማን ጋ ነው?

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር አልታዘዝ ሲል በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ሆነ?» የሚል አይደለም፤ «ማን ነበር የሚያውቀው?» የሚል ነው። ከዚያ ስልክ ይደወላል። የሚያውቀው ሰው ስብሰባ ላይ ከሆነ ይጠበቃል፤ ተዛውሮ ከሆነ በትውውቅ ይፈለጋል፤ አገር ለቆ ከሆነ ደግሞ ኮምፒዩተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ይይዛል፣ ለአዲስ ግዢ ደብዳቤ ይጻፋል። ይህን ልማድ ብዙዎቻችን የባለሙያ እጥረት ብለን እናልፈዋለን። እኔ በሙያዬ ካየሁት ተነስቼ የምለው ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሰው ሳይሆን የቦታ ነው። ኮምፒዩተሩ ሥራውን እንዴት መሥራት እንዳለበት የሚነግሩት ጥቃቅን ፋይሎች የት ተቀመጡ? በማን ስም? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ያተኩራል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ለሥራ ወደ ደባርቅ ወጥቼ ነበር። ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ፣ ዳባትን አልፎ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፤ የሊማሊሞ ቁልቁለትም ከእሷ አለፍ ሲሉ ይጀምራል። ቱሪስቱ የሚያውቃት ዋልያና ጭላዳ ለማየት ሲል በሚያድርባት አንድ ሌሊት ነው። ነዋሪው ግን እንደማንኛውም የአገራችን ከተማ ነዋሪ ፍርድ ቤት፣ ገቢዎች፣ ጤና ጣቢያና ማዘጋጃ ቤት ሲመላለስ ይውላል፤ የሚመላለስባቸው ቢሮዎች ደግሞ ጉዳዩን የሚይዙለት ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒዩተር ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት 11 ኮምፒዩተሮችና እንደ ሰርቨር የሚያገለግል አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበሩት። በሁሉም ላይ የተጫነው ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለበትም፣ በየፍላሽ ዲስኩ የሚዞረው ቫይረስም ብዙ አይደርስበትም። ይህን ሁሉ ያደራጀው አንድ ጎበዝ ወጣት ባለሙያ ነበር። ኮምፒዩተሮቹን በኔትወርክ አገናኝቷል፤ ኢንተርኔቱ ፕሮክሲ በሚባል አንድ በር በኩል እንዲያልፍ አድርጓል፤ ሌሊት ሌሊት ሰርቨሩ ላይ ያለው የባለጉዳይ መዝገብ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ እንዲገለበጥ ትዕዛዝ ጽፏል። ከዚያ የተሻለ ሥራ አገኘና ባሕር ዳር ገባ።

መሥሪያ ቤቱም ደንቡን ጠብቆ አሰናበተው። ልጁ ክሊራንስ ሞላ፤ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ የቢሮ ቁልፉን፣ ላፕቶፑን አስረከበ፤ ከየክፍሉ «ዕዳ የለበትም» የሚል ፊርማ ተሰበሰበለት። ከሄደ በኋላም የተጠቃሚ ስሙ ከሰርቨሩ ላይ ከነግል ፎልደሩ ተሰረዘ። ይህም ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ የተሰናበተ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ይዞ መቆየት የለበትም። አራት ወር ካለፈ በኋላ የሰርቨሩ ዲስክ ተበላሸ። መጠባበቂያው ሃርድ ዲስክ ሲከፈት የመጨረሻው ቅጂ የተሠራው የልጁ ስም ሊሰረዝ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነበር። እኔ የተጠራሁት እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

የአራት ወሩ ሥራ በወረቀት መዝገብ ላይም በመኖሩ ነገሩ አልከፋም። ሁለት ጸሐፊዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ መልሰው ጻፉት። ባለጉዳዩ ግን በእነዚያ ሳምንታት «ሲስተም የለም» እየተባለ ተመለሰ፤ ከጃናሞራና ከበየዳ በኩል በእግሩ ተጉዞ ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

ልጁን በስልክ ሳገኘው ሳይደብቅ ሁሉንም አስረዳኝ። የመገልበጫው ፕሮግራም የተቀመጠው በእሱ የግል ፎልደር ውስጥ ነበር። መዝገቡ ወደየትኛው ዲስክ እንደሚገለበጥ የሚናገረው መስመር የእሱ የግል የሼል ፋይል ላይ ነበር። የሰዓት መርሐ ግብሩም የተያዘው በእሱ ስም ነው። ስሙ ሲሰረዝ ሦስቱም አብረው ሄዱ። የስህተት መልዕክት ቢኖር እንኳ የሚላከው ለባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የለም። ልብ በሉ፤ ልጁ የሠራው ሁሉ በሚገባ ይሠራ ነበር፣ የሰረዙትም የሠሩት ትክክል ነበር። የጠፋው ነገር በክሊራንሱ ቅጽ ላይ መስመር ያልነበረው ነገር ነው።

ሼል የሚያነበው ከየት ነው?

ለሙያው ቅርብ ላልሆነው አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ሼል ማለት ትዕዛዝን በማውዝ ሳይሆን በጽሑፍ የሚቀበል ፕሮግራም ነው፤ በፊልም ላይ ሰብሳቢ ጣቶች የሚሯሯጡበት ያ ጥቁር መስኮት። ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚታወቀው ሼል ባሽ ይባላል። ብራያን ፎክስ የጻፈው ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ በ1989 ነው። ሼል ሲነሳ ጭንቅላቱ ባዶ ሆኖ አይነሳም። ቋንቋው አማርኛ ይሁን እንግሊዝኛ፣ ፕሮግራሞች ከየትኞቹ ፎልደሮች ይፈለጉ፣ ኢንተርኔት በየትኛው በር ይለፍ፣ ይህንና ይህን የመሰለውን ከተወሰኑ ፋይሎች ያነባል። የእነዚህ ፋይሎች ባሕርይ ተራ ጽሑፍ መሆናቸው ነው። ማንም ከፍቶ ሊያነባቸው፣ ማንም ሊያርማቸው ይችላል፤ የት እንዳሉ ካወቀ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከፊሎቹ የሚገኙት በእያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል ፎልደር ውስጥ ሲሆን ስማቸው በነጥብ ይጀምራል፤ ነጥብ ፕሮፋይል፣ ነጥብ ባሽ-አርሲ ይባላሉ። በነጥብ የሚጀምር ፋይል ደግሞ በተራ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ለምን? የዩኒክስ ቀደምት ሠራተኛ ከሆኑት አንዱ ሮብ ፓይክ እንደጻፈው ነገሩ ታስቦበት የተደረገ አይደለም። በዩኒክስ መጀመሪያ ዘመን አሁን ያለንበትን ፎልደርና የበላዩን የሚያመለክቱት ነጥብና ሁለት ነጥብ በዝርዝሩ ውስጥ እየታዩ ስላስቸገሩ፣ ዝርዝር አውጪው ፕሮግራም በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ እንዲዘል በአቋራጭ ተደረገ። አቋራጩ ቀረና ልማድ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉ የየራሳቸውን ሴቲንግ በዚያ ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። ዛሬ በአንድ ሰው ፎልደር ውስጥ ሠላሳ አርባ ስውር ፋይል ማግኘት ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2003 እነዚህን ቢያንስ «ነጥብ ኮንፊግ» በሚባል አንድ ፎልደር ለመሰብሰብ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ብዙ ፕሮግራሞች ተከትለውታል። ባሽ ግን የራሱን ፋይሎች እስከ ዛሬ በቀድሞው ቦታቸው ይፈልጋል።

ሌሎቹ ፋይሎች የሚገኙት ኢቲሲ በተባለ ፎልደር ነው። ኢቲሲ የማንም ሰው አይደለም፤ የኮምፒዩተሩ ነው። የሊኑክስ ፎልደሮች አደረጃጀት ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ በ1994 ሲወጣ፣ በኋላም በ2015 ሦስተኛው ዕትም ሲታተም፣ የዚያ ማሽን የሆነ ሴቲንግ ኢቲሲ ውስጥ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ጸንቶ ቆይቷል። ቦታው ይታወቃል፣ ስሙ አይለወጥም፣ ሠራተኛ ቢለቅም አይሰረዝም።

ታዲያ ልጁ ለምን እዚያ አላስቀመጠውም? የግሉ ፎልደር ቅርብ ስለሆነ ነው። ኢቲሲ ውስጥ ለመጻፍ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ የራስን ፋይል ለማረም ግን ማንንም አያስፈቅዱም። ጽፈው ሲሞክሩት ደግሞ ወዲያው ይሠራል። እንዲህ ያለው «ለጊዜው» የሚደረግ ነገር በእኛ አገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ አንባቢ ያውቃል።

ቤቴ የምትለው ቃል

አንድ ትንሽ ምልክት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በሼል ቋንቋ ማዕበል የምትመስለው ቲልድ የምትባል ምልክት «ቤቴ» ማለት ናት። ባለሙያው ተቀምጦ ሲጽፋት የእሱ ፎልደር ናት። ያው ፋይል በአስተዳዳሪው ስም ሲሠራ የአስተዳዳሪው ፎልደር ትሆናለች። «ቤቴ» የሚለው ቃል እንደተናጋሪው ይለዋወጣል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የሚተማመንበት ማንኛውም ትዕዛዝ ውስጥ ይህች ምልክት ካለች አንድ ቀን የተሳሳተ በር ታንኳኳለች። ከሥር ጀምሮ ሙሉ አድራሻውን መጻፍ ያሰለቻል፤ ግን ማንም ቢጠራው አንድ ቦታ ያደርሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ሼል ሁልጊዜ ሁሉንም ፋይል አለማንበቡ ነው። ሰው በስሙና በይለፍ ቃሉ ሲገባ ባሽ መጀመሪያ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ፕሮፋይል ያነባል፣ ቀጥሎ የሰውየውን የግል ፕሮፋይል። አስቀድሞ ገብቶ ሳለ አዲስ ጥቁር መስኮት ሲከፍት ግን ፕሮፋይሎቹን ትቶ ባሽ-አርሲን ያነባል። በሌሊት በራሱ ሰዓት የሚነሳው ሥራ፣ ክሮን የሚባለው፣ ከእነዚህ አንዱንም አያነብም። ብዙ ቴክኒሺያን «እኔ ስሞክረው ይሠራል፣ ሌሊት ግን አይሠራም» እያለ የሚሰቃየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀን ሲሞክረው የራሱን ባሽ-አርሲ ለብሶ ነው፤ ሌሊት ክሮን ሲሞክረው ራቁቱን ነው።

ደባርቅ ላይ ይህን ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳስረዳ ፈጥነው የገባቸው የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ናቸው። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ከኮምፒዩተር ጋር ብዙም ፍቅር የላቸውም። «አይ ልጄ፣ ይኸማ የኛው ሥራ ነው» አሉኝ። «ደብዳቤ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ኃላፊው ይነሳል፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ነው።» ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ ያስረዱልኝ እሳቸው ናቸው።

ነገሩ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ጉዳይ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ህዳጎች ላይ ይመዘገብ ነበር። መጽሐፉ ከዕቃ ቤቱ አይወጣም፤ ገበዙ ቢለወጥ፣ ባለርስቱ ቢሞት፣ ውሉን የሚፈልግ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ዳባት ላይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ይመዘገባል። እንዲህ ያለ ሥራ ለዓመታት ሊቀጥል የሚችለው መለያ ቁጥሩ የቤቱና የሰውየው ሲሆን ነው። በቆጣሪው ደብተር ብቻ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው በተቀየረ ቁጥር ወረዳው እንደ አዲስ ይቆጠር ነበር።

የት አስቀመጥነው?

ወደ ምርጫው ልመለስ። ቦታው ኢቲሲ ይሁን ማለት ብቻ አይበቃም፤ ኢቲሲ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ዋናውን ፕሮፋይል ወይም የጋራውን ባሽ-አርሲ ከፍቶ ከሥሩ መጨመር ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ እኔ አልመክርም። ፋይሉን ያመጣው የኡቡንቱ አከፋፋይ ነው። ሲስተሙ ሲታደስ አከፋፋዩም ያንኑ ፋይል ለውጦት ከሆነ «ያንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ልተካ?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ገልብጦ «አዎ» ካለ የመሥሪያ ቤቱ መስመሮች ጠፉ።

የተሻለው «ፕሮፋይል ነጥብ ዲ» የሚባለው ንዑስ ፎልደር ነው። ዋናው ፕሮፋይል በዚህ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በተራ እያነሳ ያነባቸዋል። የመሥሪያ ቤቱን ስም የያዘ አንድ የራሳችንን ፋይል እዚያ ብናኖር የአከፋፋዩን ፋይል ሳንነካ ሐሳባችን ይነበባል። የፕሮክሲውን አድራሻና የቋንቋውን ሴቲንግ እዚያ አደረግነው። የመዝገብ መገልበጫው ግን እዚያ አይገባም፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ክሮን ፕሮፋይል አያነብም። ፕሮግራሙን «ዩኤስአር-ሎካል» ሥር፣ አስተዳዳሪው ራሱ ለሚጨምራቸው ፕሮግራሞች በተመደበው ቦታ አኖርነው። የሚገለብጥበት ዲስክ ስም በኢቲሲ ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ ስም በከፈትነው ፎልደር ተጻፈ። የሰዓቱ መርሐ ግብር ደግሞ «ክሮን ነጥብ ዲ» ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ሊኑክስን የሠሩት ሰዎች ያኖሩልንን አንድ ቀልድ መሰል ነገር ልጥቀስ። «ፕሮፋይል ነጥብ ዲ» ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል ስሙ በ«ነጥብ ኤስኤች» ካላለቀ አይነበብም። «ክሮን ነጥብ ዲ» ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል ግን፣ በኡቡንቱና በዘመዶቹ፣ በስሙ ውስጥ ነጥብ ካለ አይነበብም። ሁለቱ ፎልደሮች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሕጋቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ሕጉ ሲጣስም ሁለቱም ብዙ አይናገሩም። በአንዱ የለመደ ሰው በሌላው ግማሽ ቀን ያጠፋል። ለወጣት ቴክኒሺያኖች የማስተምረው ከሆነ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው ይህን ነው።

ፕሮክሲው ሌላ ጣጣ ነበረው። ለተጠቃሚዎቹ ሠርቶ ለሶፍትዌር ማደሻው እምቢ አለ፤ ምክንያቱም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ ትዕዛዝ የተራውን ተጠቃሚ ሴቲንግ አራግፎ ነው የሚነሳው። ለማደሻው በራሱ ፎልደር ለብቻው መጻፍ ግድ ሆነ። አንድ አድራሻ ሁለት ቦታ ተጻፈ ማለት ነው። ደስ አይልም፤ ሌላ መንገድ ግን አላየሁም።

ፖስታ ሳጥን ቁጥር

እስካሁን ያወራሁት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስለሚጽፋቸው ፋይሎች ነው። ሌላው ገጽታ ደግሞ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ከፕሮግራማቸው ጋር የሼል ፋይል ሲልኩ የሚገጥማቸው ነው። ዛሬ በአዲስ አበባም በጎንደርም ሶፍትዌር የሚጽፉ ወጣቶች ስላሉ እነሱንም ይመለከታል።

ፕሮግራም ከምንጩ ተሠርቶ ሲጫን በተለምዶ የሚሄደው ወደ «ዩኤስአር-ሎካል» ነው። ሴቲንጉም አብሮት እዚያው ሥር ወዳለ ሌላ ኢቲሲ ይሄዳል። ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ችግሩ ሼሉ ያንን ሁለተኛ ኢቲሲ ከነመኖሩም አለማወቁ ነው። ሰው በማይከፍተው ፖስታ ሳጥን ደብዳቤ እንደመክተት ነው። ጫኚው «ተጭኗል» ይላል፣ ፋይሉ አለ፣ የሚያነበው ግን የለም።

ይህን ያየ ፕሮግራም ሠሪ «እንግዲያው ፋይሉ ሁልጊዜ በዋናው ኢቲሲ ፕሮፋይል ነጥብ ዲ ይጫን» ብሎ ቦታውን ቆርጦ ይጽፈዋል። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ይጮሃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሌለው ፕሮግራሙን በግል ፎልደሩ ውስጥ ሊጭን ይሞክራል፤ ጫኚው ግን የማይፈቀድለትን ዋናውን ኢቲሲ ይነካካና ይወድቃል። በነፃ ሶፍትዌር ዓለም በዚህ ላይ ለዓመታት ተከራክረዋል። ትዕዛዝ ግማሹን ጽፈው ታብ ሲጫኑ ቀሪውን የሚሞላው የባሽ ተጨማሪ ክፍል ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መጀመሪያ የሌሎች ፕሮግራሞችን ፋይል በኢቲሲ ውስጥ ይቀበል ነበር፣ በኋላ ወደ «ዩኤስአር-ሼር» አዛወረው፤ ጫኚዎችም ቦታውን በግምት ሳይሆን ጠይቀው እንዲያውቁ መንገድ አበጀ። ጠይቀው ሲያውቁም መልሱ የሲስተሙ ቦታ ነው፤ ሥልጣን የሌለው ተማሪ ጥያቄ በዚያ አልተዘጋም።

የኔ አቋም ይህ ነው። ፕሮግራም ሠሪው ጫኚው በነባሪነት ሰውየው የመረጠውን ሥር ይከተል፤ ከዚያ ውጭ ምንም አይንካ። ነገር ግን ሲጨርስ «ይህን ፋይል እዚህ አስቀምጫለሁ፣ ሼልህ እንዲያነበው ይህን መስመር እዚህ ጨምር» ብሎ በግልጽ ይናገር። የማሽኑ አስተዳዳሪ በበኩሉ አንድ ቋሚ ቦታ ይምረጥና የተጫነውን ሁሉ ወደዚያ ያገናኝ። ቋሚውን ቦታ መወሰን የአስተዳዳሪው እንጂ የፕሮግራም ሠሪው ሥራ አይደለም፤ ማሽኑ ደባርቅ ይሁን ደንቨር የሚያውቀው አስተዳዳሪው ብቻ ነውና።

ቋሚ ቦታ ከሁሉ የተሻለ ቦታ መሆን አለበት ወይ? አይመስለኝም። አማርኛን በኮምፒዩተር የጻፈ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሠራ ሁሉ ፊደሎቻችንን በመሰለው ቁጥር ላይ አስቀመጣቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ሰረዝና የላቲን ፊደል የተዘበራረቀበት ገጽ ይሆናል። ሁላችንም ደብዳቤ ስንልክ ፎንቱን አብረን በፍሎፒ የላክንበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ በ1999 የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ሲወጣ ሀ በአሥራ ስድስታዊ አቆጣጠር 1200 ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት እስከ 137ኤፍ ባለው ሠፈር ውስጥ ሰፈሩ። ከዚያ የተሻለ አደራደር ማሰብ ይቻል ይሆናል። ሆኖም ዛሬ ይህን ጽሑፍ ደባርቅም ሆነ ዋሽንግተን ያለ አንባቢ ፎንት ሳይፈልግ ማንበብ የቻለው ሀ ከቦታዋ ስለማትነሳ ነው።

ወደ ሴቲንጉ ስመለስ፣ «ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ይሁን» ሲባል በብዛት የሚታየውን አንድ ስህተት ሳልጠቅስ አላልፍም። ኢቲሲ ውስጥ «ስኬል» የሚባል ፎልደር አለ። አዲስ ተጠቃሚ ሲከፈት በውስጡ ያሉት ፋይሎች ተገልብጠው ይሰጡታል። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ካወቀ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ሴቲንግ ሁሉ እዚያ ይከትና ጨረስኩ ይላል። ስኬል ግን እንደ እርሾ ነው፤ ለአዲሱ ሊጥ ይገባል እንጂ ትናንት ለተጋገረው እንጀራ አይደርስም። የፕሮክሲው አድራሻ በተለወጠ ዕለት አዲሶቹ ሠራተኞች ይሠራላቸዋል፣ ነባሮቹ በድሮው አድራሻ ይቀራሉ፤ ከዚያ «የእገሌ ኮምፒዩተር ምን ሆኖ ነው?» ይጀመራል።

የግል ፎልደር ታዲያ ምን ይቀመጥበት? የሰውየው የሆነው ነገር። የጽሑፉ ቀለም፣ የለመዳቸው የትዕዛዝ አቋራጮች፣ የሚወደው ጽሑፍ ማረሚያ። ሰውየው ሲለቅ አብሮት ቢሄድ ማንም የማይጎዳበት ሁሉ የሰውየው ነው። በዚህ መለኪያ ፋይሉን ከፍቶ መስመር በመስመር መለየት ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ መደረግ ያለበት ደግሞ ክሊራንሱ ከመፈረሙ በፊት ነው።

«ዘመኑ የክላውድ ነው፣ ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ነው» የሚሉም አሉ። ተጨማሪ ቅጂ በሌላ ቦታ መኖሩን እደግፋለሁ። ሥራ ላይ የሚውለው ዋናው ፋይል ግን ማሽኑ ላይ መኖር አለበት። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ኢንተርኔት ከሌለ የማይነሳ ሼል ለእንዲህ ያለ አገር አይሆንም። ስለዚህ ደባርቅ ላይ ሁለተኛው ቅጂ በወረቀት ታትሞ፣ የፋይል ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ቤት ገባ። አራት ገጽ ነው።

በመጨረሻ ስለ ማብራሪያ መስመሮች አንድ ነገር ልበል። በሼል ፋይል ውስጥ በመሰላል ምልክት የሚጀምር መስመር ለሰው እንጂ ለኮምፒዩተር አይደለም። እዚያ ላይ ይህ ፋይል ለምን እንደተጻፈ፣ መቼ እንደተለወጠና የሚለውጠው የሥራ መደብ የቱ እንደሆነ ይጻፍ፤ የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጠቀስ። ሰዓቱ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክሮን 2 ሲባል የሚረዳው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነውን ነው። አንድ ቅን ሠራተኛ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተብሎ አልነበር?» ብሎ 8 አድርጎ ቢያርመው፣ መዝገቡ መገልበጥ የሚጀምረው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ባለጉዳይ በር ላይ በተሰለፈበት፣ 11ዱም ኮምፒዩተሮች በሚበሩበት ሰዓት። ስለዚህ ከቁጥሩ በላይ በአማርኛ «በኮምፒዩተሩ 2፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል።